ስኳር ካለብዎት የደም መርጋት ምርመራን እንዴት ይጠቀሙበታል?

አጎቴ ለሰኞ ገበያ ደሴ በወጡበት ቀን ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት አውጥተው «ደሜ ሊረጋ ነው መሰል» አሉኝ። «ዲ-ዳይመር» የሚለው ቃል፣ የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀረው ቁራጭ መለኪያ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ስኳር ካገኛቸው አሥር ዓመት አልፏል፤ ግፊታቸውን መጨረሻ የተለኩት መቼ እንደሆነ ግን አያስታውሱም። «አብሽሩ፣ መጀመሪያ ክንድዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። 170/100።

ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ስኳር ሲቆይ ፕሌትሌት የሚባሉት ደም አቋሚ ሕዋሳት ቶሎ ይጣበቃሉ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ይበዛል፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያግደው ፓይ-ዋን የተባለ ፕሮቲንም ይጨምራል። ደሙ ለመርጋት ይፈጥናል፣ ለመሟሟት ይዘገያል።

1. ከመክፈልዎ በፊት «ምርመራው ለምን ታዘዘልኝ?» ብለው ይጠይቁ። ዲ-ዳይመር በእግር ወይም በሳንባ ደም ረግቷል ተብሎ ሲጠረጠር «የለም» ለማለት ይረዳል እንጂ ልብዎ ወደፊት ምን እንደሚገጥመው አይነግርም። በዕድሜ፣ በእርግዝና፣ በኢንፌክሽንም ከፍ ይላል። ፋይብሪኖጅን አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ነገር ግን ጉንፋን፣ የጥርስ መግል፣ የእግር ቁስል ወይም ሲጋራ ሊያንረው ይችላል። ስለዚህ ፋይብሪኖጅን ለልብ ስጋት ተብሎ ከታዘዘልዎ፣ ሕመሙ እስኪያልፍ ማቆየት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

2. ደም ሲቀዱ ቱቦውን ይዩት። ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ፈሳሽ ስለሆነ እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት። ጎደሎ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል፤ «አልሞላም» ማለት ነውር የለውም። ከተሞላ በኋላ ቀስ ተደርጎ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም።

3. ገንዘቡ ካጠረ ቅድሚያውን ለግፊት፣ ለኤ-ዋን-ሲ (የሁለት ሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር መለኪያ)፣ ለኮሌስትሮልና በሽንት ለሚወጣ አልቡሚን ለተባለ ፕሮቲን ይስጡ። ለብዙ ሰው ኤ-ዋን-ሲ ከ7 በመቶ በታች፣ ግፊት ከ130/80 በታች ቢሆን ይመረጣል። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ ስታቲን ስለሚባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ቡና በጨው ለለመድን ደግሞ የግፊቱ ነገር ስኒው ላይም ይጀምራል።

4. «ደም ያቀጥናል» ተብሎ አስፕሪን በራስዎ አይጀምሩ። ስኳር ባለባቸው 15,480 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 100 ሚሊግራም አስፕሪን ከባድ የልብና የደም ሥር ችግርን በ12 በመቶ ቢቀንስም ከባድ መድማትን በ29 በመቶ ጨምሯል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ አግኝቶት በሐኪም የታዘዘለት ሰው ግን ሳያማክር አያቋርጥ።

5. ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ወይም አንድ እግር ብቻ ካበጠ የወረቀት ውጤት አይጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ስኳር ባለበት ሰው የልብ ሕመም ደረትን ሳያሳምም በላብና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣም ይችላል።

አጎቴ ወረቀታቸውን እንደነበረ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ አብረን ለግፊታቸው ተሰለፍን።