አጭር የተማሪ ፊልም ከተጠናቀቀ በኋላ የቡድን ግምገማ እንዴት ይካሄዳል?

የፊልም ተማሪዎች በቡድን አጭር ፊልም እንዲሠሩ ሲታዘዙ ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ጋር ስለ ሥራው ሂደት የሚያስረዳ ጽሑፍም እንዲያስረክቡ ይጠየቃሉ። ለፊልሙ እንቅልፍ ታጥቶ ይለፋለታል፤ ጽሑፉ ግን በማስረከቢያው ዋዜማ በጥድፊያ ይጻፍና ጥቂት የምስጋና ቃላትንና አንዳንድ የችግር ዝርዝሮችን ይዞ ይቀራል። ይህ በእጅጉ የሚያሳዝን ብክነት ነው፤ የመጀመሪያ ፊልም ዋነኛ ትምህርት ያለው ስክሪፕቱ ወደ ምስልና ድምፅ ሲለወጥ በተወሰኑት ውሳኔዎች ውስጥ ነውና። የግምገማው ሥራ በስክሪኑ ላይ ከሚታየውና ከሚሰማው ተነሥቶ እያንዳንዱን ጉድለትም ሆነ ስኬት ወደ ወለደው ውሳኔ መመለስ ነው።

ግምገማው ኤዲቲንጉ ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢደረግ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ድካሙ በረድ ይላል፣ ትዝታውም ገና አልደበዘዘም። የመጨረሻው ስክሪፕት፣ የሾት ዝርዝሩ (ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ የሚቀርጻቸው ምስሎች ዝርዝር)፣ የየዕለቱ የቀረፃ መርሐ ግብርና ያልተቆረጡት ጥሬ ፋይሎች በሙሉ መቅረብ አለባቸው። የሃርድ ዲስክ ቦታ ለማግኘት ሲባል ጥሬ ፋይሎችን ማጥፋት ማስረጃን ማጥፋት ስለሆነ፣ ግምገማው እስኪያበቃ ድረስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ተቀምጠው ይቆዩ። ከስብሰባው በፊት ደግሞ እያንዳንዱ አባል አስተያየቱን ለብቻው ይጻፍ፤ ሳይጻፍ ከተሰበሰበ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሐሳብ የሌላውን ሁሉ ሐሳብ ይጎትታል።

ፊልሙ በመጀመሪያ ሳይቋረጥ ይታይ። ቀጥሎ ድምፁ ተዘግቶ ይታይ፤ ታሪኩ ያለ ንግግር የማይገባ ከሆነ ምስሉ ድርሻውን አልተወጣም ማለት ነው። የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በተከታታይ ሾቶች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ከመሰሉም፣ ካሜራው በመካከላቸው ያለውን ምናባዊ መስመር ተሻግሮ እንደነበር በዚህ ጊዜ ይታወቃል። በመጨረሻ ምስሉ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ይሰማ። ብዙ ቡድኖች ይህን ሦስተኛውን ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የላቀ ጥቅም ያለው እርሱ ነው ባይ ነኝ።

የተማሪ ፊልም ከምስሉ ይልቅ በድምፁ ይወድቃልና በዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ይገባል። «ድምፁ ጥሩ አይደለም» የሚለው አስተያየት ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ተከታትሎ መጠየቅ ነው፦ ንግግሩ ለምን ያስተጋባል? ክፍሉ ሴራሚክ የተነጠፈበትና ምንጣፍም መጋረጃም የሌለው ስለነበር። ያ ክፍል ለምን ተመረጠ? መስኮቱ ጥሩ ብርሃን ስለሚያስገባ። የድምፅ ባለሙያው ሎኬሽኑን (የቀረፃ ቦታውን) ሲያይ ለምን አልተናገረም? ሎኬሽን ለማየት የሄዱት ዳይሬክተሩና የካሜራ ባለሙያው ብቻ ስለነበሩ። መነሻው የተገኘው እዚህ ነው፤ መፍትሔውም አዲስ ማይክራፎን መግዛት ሳይሆን የድምፅ ባለሙያውን ለሎኬሽን መረጣ ይዞ መሄድ ነው። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪና ከአቅራቢያ የሚሰማ የድምፅ ማጉያም በዚሁ መንገድ ይመረመራሉ፤ ሎኬሽኑ የታየው ቀረፃው በሚካሄድበት ሰዓት ነበር ወይ? በየትዕይንቱ መጨረሻ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተቀድቶ ነበር ወይ? ካልተቀዳ፣ ኤዲተሩ ንግግሮቹን ሲያገናኝ በየመካከሉ የሚሰማው ክፍተት ከዚያ የመጣ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን መፈተሽ ብዙውን ያስረዳል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ፣ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ ላይ ሆኖ በፍሎረሰንት መብራት የተቀረጸ ምስል ሊርገበገብ ወይም መስመር ሊታይበት ይችላል፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም እየተቀረጸ ሹተሩ 1/50 ቢደረግ ችግሩ ባልመጣ ነበር። ከቤት ውጭ ደግሞ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ሆና በተዋናዩ ዓይኖች ላይ ጥላ ትጥላለች። ፊት የጠቆረባቸው ሾቶች ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የተቀረጹ መሆናቸውን ከመርሐ ግብሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

የፊልሙ ርዝመትም ይናገራል። በተለምዶ አንድ ገጽ ስክሪፕት አንድ ደቂቃ ያህል ይወጣዋል፤ 8 ገጽ የነበረው ታሪክ 13 ደቂቃ ከሆነ፣ ትርፉ የገባው ከየትኛው ትዕይንት እንደሆነ ተፈልጎ ይገኝ።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው ስለ አብሮ መሥራት መነጋገሩ ነው። ይሉኝታ በመካከላችን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ በስብሰባው ላይ «ሁሉም ጥሩ ነበር» ያለ ሰው እቅጩን ከስብሰባው በኋላ ለሌላ ሰው ይናገራል፤ በዚህም ምክንያት የሚቀጥለው ፊልም በዚያው ስህተት ይጀመራል። ይህን በምክር ብቻ ማሸነፍ አይቻልምና የአካሄድ ሥርዓት ይበጅለት። መጀመሪያ መብራት የያዙ፣ ዕቃ የተሸከሙና ክላፐር (የሾቱን መጀመሪያ የሚያመለክተውን ሰሌዳ) የመቱ ይናገሩ፤ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ ይናገር። ንግግሩም ስለ ሰው ጠባይ ሳይሆን ስለ ውሳኔ ይሁን፤ «አንተ ግዴለሽ ነህ» ከማለት ይልቅ «የሾት ዝርዝሩ ለካሜራ ባለሙያው የደረሰው በቀረፃው ዕለት ጠዋት ነው» ማለት ሊጣራና ሊታረም የሚችል ነገር ያስቀምጣል። የሥራ ክፍፍሉም ይጠየቅ። ሴት አባላት አልባሳትና ምግብ ብቻ እንዲያሰናዱ ተደርገው ከሆነ፣ ካሜራውን ወይም ኤዲቲንጉን መማር የነበረበት ሰው ሳይማር ቀርቷልና ይህ በግልጽ ይነሣ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጽሑፍ ሲጽፍ ሁለት ወይም ሦስት ውሳኔዎችን ብቻ መርጦ ቢመረምር በቂ ነው። «የቡድን ሥራ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ተረድቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፊልም ያልሠራ ሰውም ሊጽፈው የሚችል ነው። «ውይይቱን በአንድ ረጅም ሾት ለመቅረጽ ወሰንን፤ የቅርብ ሾት ስላልወሰድን ግን በኤዲቲንግ ጊዜ ደካማውን ክፍል ልንቆርጠው አልቻልንም» የሚለው ግን ውሳኔውን፣ ውጤቱንና ምክንያቱን በአንድነት ያሳያል። የተሳካውም በዚሁ ጥንቃቄ ይተንተን፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ስኬት አይደገምም።

የቡድኑ የጋራ ውሳኔዎች በአንድ ገጽ ተጽፈው፣ በእያንዳንዱ አጠገብ የሚፈጽመው ሰው የሥራ ድርሻና መፈጸሚያው ጊዜ ይቀመጥ። በዚያው ስብሰባ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ያሉት ስሞች አንድ በአንድ ይነበቡ፤ የተረሳ ሰው ካለ ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ይጨመር። ቤታቸውን ለቀረፃ ለፈቀዱት ሰዎችና የትብብር ደብዳቤ ለጻፈው ቢሮም የፊልሙን ቅጂ የሚያደርሰው አባል ተመርጦ ስብሰባው ይዘጋ።