ላሊበላ ላይ በተራራ ሎጅ ሲያርፉ፦ ክፍል፣ ስቲምና ማሳጅ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆቦ ወይም ከኮምቦልቻ የሚወጣ እንግዳ አየሩ ሳሳ ይልበታል። በመጀመሪያው ቀን ስቲም (የእንፋሎት ክፍል) አይግቡ፤ ውኃ ይጠጡ፣ በዝግታ ይራመዱ፣ በጊዜ ይተኙ።

ክፍል ሲያስይዙ ውኃው በሶላር ይሞቅ እንደሆነ ይጠይቁ። በሶላር ከሆነ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ይታጠቡ፤ ንጋት ላይ ቀዝቃዛ ነው የሚጠብቅዎ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ማሞቂያውንም ይችላል ወይስ አምፖል ብቻ? ይህን ሳያጣሩ አይክፈሉ። ለገና ከሆነ ወራት ቀድመው ያስይዙ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ አይርሱ።

ስቲም የሚገባው ምግብ ከበሉ 2 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታችኛው መቀመጫ ይጀምሩ። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ወጥተው ለብ ባለ ውኃ ይለቃለቁ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ይጠጡ፣ 10 ደቂቃ አርፈው ከፈለጉ አንዴ ይድገሙ። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ዓይኑ ይጨልምበታል። ጠጅና አረቄ ይህን ያባብሳሉ፣ ከስቲም በፊት በፍጹም አይቅመሱ። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ወይም የግፊት ሕሙማን ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ።

ማሳጅ ጡንቻ ከላላ በኋላ፣ ማለትም ከስቲም ቀጥሎ ይሻላል። ምርጡ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከአሸተን ማርያም ገዳም የወረዱበት ነው፤ ባቱን አስቀድመው ያሳዩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ከሆነ የእግርዎን ዘይት በሳሙና ያስለቅቁ፤ ጫማ ወልቆ ስለሚገባ የለሰለሰው ድንጋይ ያንሸራትታል።