ሶርስ ኮድ ኮምፓይል ሲደረግ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው፦ ለኡቡንቱ ዴስክቶፕ

ኮምፓይል ማድረግ ማለት ሰው የጻፈውን ሶርስ ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መቀየር ነው። ይህ መመሪያ የታሰበው 4 ጊጋባይት ራም ላለውና ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ) ለተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ቦታው ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ ወይም ሞጣ፣ መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል፣ ዳታም በፓኬጅ ይገዛል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚመጣው ኤረር ብዙ ጊዜ የኮዱ ጥፋት አይደለም፤ የሰዓቱ፣ የፍላሹ ወይም የመብራቱ ነው። ውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች እነዚህን ስለሚያልፏቸው እዚህ ሰፋ ብለው ቀርበዋል።

ለምሳሌ የወሰድነው ቴሰራክትን ነው፤ ስካን የተደረገ ገጽን፣ አማርኛም ቢሆን፣ ወደሚታረም ጽሑፍ የሚቀይር በሲፕላስፕላስ የተጻፈ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም። ትእዛዞችና የኤረር መልእክቶች በአነባበባቸው ተጽፈዋል። ተርሚናል ላይ ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይገባሉ፤ ካፒታል የሚፈለግበት ቦታ ላይ እንናገራለን።

ከሁሉ በፊት፦ የመጀመሪያውን ኤረር ማግኘት

ሜክ (ኮምፓይሉን በቅደም ተከተል የሚያካሂደው ፕሮግራም) ሲቆም መጨረሻ ላይ የሚታየው «ኤረር 2» ሥራው መቆሙን ብቻ ነው የሚናገረው። ምክንያቱ ከሱ በላይ ነው፤ አንዳንዴ መቶ መስመር ያህል ወደ ላይ። በተለይ «ሜክ -ጄ4» ሲሰጥ የአራት ሥራዎች መልእክት ስለሚደባለቅ እውነተኛው ኤረር መሃል ላይ ይቀበራል። ስለዚህ ውጤቱን ፋይል ላይ ያስቀምጡ፦

«ሜክ 2>&1 | ቲ ቢልድ.ሎግ»

«ቲ» ቲ፣ ኢ፣ ኢ ተብላ የምትጻፈዋ ትእዛዝ ናት። ቀጥሎ «ግሬፕ -ኤን -ኤም1 'ኤረር:' ቢልድ.ሎግ» የመጀመሪያውን ኤረር ከመስመር ቁጥሩ ጋር ያወጣል። የቆመው ኮንፊገር (ከሜክ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ከሆነ ግን ዝርዝሩ ያለው «ኮንፊግ.ሎግ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ሌላውን ኤረር ሁሉ ይተዉት፤ የመጀመሪያው ሲስተካከል ከታች ያሉት አብዛኞቹ አብረው ይጠፋሉ።

የወረደው ፋይል አይፈታም፣ ክሎኑም ይቋረጣል

ታር (ኮዱ ታስሮ የሚመጣበት ፋይል) ሲፈታ «አንኤክስፔክትድ ኤንድ ኦፍ ፋይል» ካለ ፋይሉ ሳያልቅ ተቋርጧል። እንደገና ከዜሮ አይጀምሩ፤ «ደብሊውጌት -ሲ» ከነአድራሻው ሲሰጥ ሰርቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። ጊት (ኮድን ከነለውጥ ታሪኩ «ክሎን» ብሎ የሚያወርደው መሣሪያ) ግን ይህ የለውም። ክሎን መሃል ላይ ተቋርጦ «ኧርሊ ኢኦኤፍ» ካለ የበላው ዳታ በከንቱ ነው። «ጊት ክሎን --ዴፕዝ 1» ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ያወርዳል፤ ለመገንባት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

«ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ኮዱ ፍላሽ ላይ ሳለ

ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ኮድ እዚያው ፍላሹ ላይ ተፈትቶ «./ኮንፊገር» ሲባል ይህ ይመጣል። ፍላሾች በአብዛኛው በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት የተደረጉ ናቸው። እነዚህ የሊኑክስን የማስኬድ ፈቃድና ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ፋይል) አያስቀምጡም። ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ፣ በ«ችሞድ»፣ መታገል እዚህ ዋጋ የለውም፤ ፎርማቱ ራሱ ለፈቃዱ ቦታ የለውም።

መፍትሄው ታሩን ሳይፈቱ ወደ ሆም ፎልደር ገልብጦ እዚያ መፍታት ነው። የተፈታ ፎልደር በፍላሽ ማመላለስ ሌላም መዘዝ አለው፦ ፋት32 የፋይል ሰዓትን የሚይዘው በ2 ሴኮንድ ልዩነት ስለሆነ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚቀድም ይዛባል። ያኔ ሜክ «አክሎካል ኢዝ ሚሲንግ ኦን ዩር ሲስተም» ብሎ ያልተጠየቀውን ሥራ ይጀምራል። ታሩ እንደታሰረ ሲሄድ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ኮዱ በዊንዶውስ በኩል ካለፈና «ባድ ኢንተርፕሪተር» የሚል መልእክት ከነ«^ኤም» ምልክቱ ከታየ፣ የመስመር መጨረሻዎቹ የዊንዶውስ ሆነዋል፤ «ዶስ2ዩኒክስ» ፋይሉን ያስተካክላል። የፎልደሩ ስም ክፍተት ካለውም ኮንፊገር «አንሴፍ» ብሎ ይቆማል። ክፍተቱን ያውጡ።

ሰዓቱ ሲሳሳት

ምልክቶቹ የተለያዩ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው አያገናኛቸውም። አፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) አፕዴት ሲደረግ «ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» ይላል። ጊት የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) አልቀበልም ይላል። ኮንፊገር «ኒውሊ ክሪየትድ ፋይል ኢዝ ኦልደር ዛን ዲስትሪቢውትድ ፋይልስ» ብሎ ይቆማል። ሜክ ደግሞ «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» ብሎ ያስጠነቅቅና ሥራውን ይቀጥላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ጎዶሎ ግንባታ ያለቀ መስሎ ይታያል።

ሜክ የትኛውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው የፋይሎችን ሰዓት በማወዳደር ብቻ ነው። የማሽኑ ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ኮዱ ገና ወደፊት የተጻፈ ይመስለዋል።

ሰዓቱ የሚሳሳተው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ነው። ዓመቱ 2018 ተብሎ ከገባ ማሽኑ 2025ን ወይም 2026ን አያውቅም፤ ሰርተፊኬቶቹ ሁሉ ገና ያልተሰጡ ይሆኑበታል። ዓመቱ ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ከገባ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ለማሽኑ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። አፕት «ኢንቫሊድ ፎር አናዘር 5ኤች» ዓይነት መልእክት ከሰጠ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፤ ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ አልቋል። የኃይል ገመዱን ነቅለው ይቀይሩት፤ የፕላስ ምልክቱ ወደ ላይ ይሆናል። አዲስ ባትሪ በመልቲሜትር 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይነበባል። ከተቀየረ በኋላ የባዮሱ ቅንብር ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ስለሚችል የቡት ቅደም ተከተሉን ይዩ።

ሦስተኛው ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በአገር ሰዓት ያስቀምጣል፣ ኡቡንቱ ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ያነበዋል፤ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ይሆናል። «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ያስታርቃቸዋል።

ኢንተርኔት ካለ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ» ሰዓቱን ራሱ ያመጣል። ከሌለ በእጅ፦ «ሱዶ ዴት -ኤስ "2026-02-14 09:20"»፣ ከዚያ «ሱዶ ኤችደብሊውክሎክ --ሲስቶኤችሲ»። ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን በተሳሳተው ሰዓት የተፈጠሩት ፋይሎች እዚያው ናቸው። ፎልደሩን ጠቅላላ አጥፍቶ ታሩን እንደገና መፍታት ያስፈልጋል፤ ከሌላው መላ ሁሉ ይህ ያጥራል።

«ኖት ፋውንድ»፣ ተጭኖ እያለ

ኮንፊገር «ኖ አክሴፕተብል ሲ ኮምፓይለር» ካለ ኮምፓይለሩ ጭራሽ የለም፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኤሴንሻል»። ኮንፊገር የሚባል ፋይል ራሱ ከጠፋ ኮዱ ከጊት የመጣ ነው፤ ኦቶኮንፍ፣ ኦቶሜክ፣ ሊብቱልና ፒኬጂ-ኮንፊግ ተጭነው «./ኦቶጄን.ኤስኤች» ይሰጣል። ፒኬጂ-ኮንፊግ ሳይጫን ኦቶጄን ከተሰጠ፣ የሚፈጠረው ኮንፊገር ሲሄድ «ሲንታክስ ኤረር ኒር አንኤክስፔክትድ ቶክን» ይላል። ሰው የኮድ ስህተት መስሎት ፋይሉን ይከፍታል፤ አይክፈቱት፤ ፒኬጂ-ኮንፊግን ጭነው ኦቶጄንን ይድገሙ።

ግራ የሚያጋባው ሌላው ነው። «ሌፕቶኒካ 1.74 ኦር ሃየር ኢዝ ሪኳየርድ» ይላል፣ ሌፕቶኒካ (ቴሰራክት ምስል የሚያነብበት ላይብረሪ) ግን ማሽኑ ላይ አለ። ኡቡንቱ አንድን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያቀርበው፦ ፕሮግራም ለማስኬድ የሚበቃው አንዱ፣ ሌላው ደግሞ ለኮምፓይል የሚያስፈልጉትን ሄደር ፋይሎች የያዘውና ስሙ በ«-ዴቭ» የሚያልቀው። ለጠጪ ጠላው ይበቃዋል፣ ለጠማቂ ግን ጌሾውም መቅረብ አለበት። ስለዚህ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብሌፕቶኒካ-ዴቭ»።

«ፋታል ኤረር» ብሎ በ«.ኤች» የሚያልቅ ፋይል «ኖ ሳች ፋይል» ካለም ነገሩ ያው ነው። ፋይሉ በየትኛው ፓኬጅ እንዳለ «አፕት-ፋይል ሰርች» ይነግራል፤ መጀመሪያ «ሱዶ አፕት-ፋይል አፕዴት» ይፈልጋል፣ እሱም ዳታ ይበላል። ሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑትን ክፍሎች የሚያገጣጥመው) «ካንኖት ፋይንድ -ኤልዜድ» ካለ ከኤል በኋላ ያለው ፊደል የላይብረሪው ስም ነው፤ ይህኛው ዜድሊብ ነው፣ ፓኬጁም «ዜድሊብ1ጂ-ዴቭ»።

ሌፕቶኒካን ራሱን ከሶርስ የሚገነባ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የፒኤንጂ፣ የጄፔግና የቲፍ ዴቭ ፓኬጆች ከሌሉ ሌፕቶኒካ ያለ ቅሬታ ይገነባል፤ ቅሬታው የሚመጣው ቴሰራክት ምስል ሲሰጠው «ፋንክሽን ኖት ፕሬዘንት» ብሎ ነው። ዴቮቹን ጭኖ ሌፕቶኒካን እንደገና መገንባት የግድ ነው።

«ኪልድ»

«ፋታል ኤረር፦ ኪልድ ሲግናል ተርሚኔትድ ፕሮግራም ሲሲ1ፕላስ»። ኮምፓይለሩን የገደለው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ነው፤ ራም ስላለቀ። «ሱዶ ዲሜሴጅ» ሲሰጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ይታያል።

ከባድ የሲፕላስፕላስ ፋይል አንዱ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ አራት ጎን ለጎን ሲሄዱ 4 ጊጋባይት አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሥራ 2 ጊጋባይት ቢሰላ ይሻላል፤ በዚህ ማሽን «ሜክ -ጄ2»፣ ብሮውዘሩን ዘግቶ። ከጄ በኋላ ቁጥር ሳይጻፍ «ሜክ -ጄ» ብቻ ማለት «የቻልከውን ያህል ባንዴ አስነሳ» ማለት ስለሆነ ማሽኑን ያደርቀዋል። ኮንፊገር በራሱ የዲበግ (ስህተት መፈለጊያ) መረጃ ይጨምራል፤ «./ኮንፊገር ሲኤክስኤክስፍላግስ="-ኦ2"» (ሲኤክስኤክስፍላግስና ኦ በካፒታል) ያስቀረዋል፣ ራምም ዲስክም ይቀንሳል።

አሁንም ካልበቃ ስዋፕ (ራም ሲያንስ በራም ምትክ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) ይጨመራል፦ «ሱዶ ኤፍአሎኬት -ኤል 4ጂ /ስዋፕ2» (ጂ ካፒታል)፣ «ሱዶ ችሞድ 600 /ስዋፕ2»፣ «ሱዶ ኤምኬስዋፕ /ስዋፕ2»፣ «ሱዶ ስዋፕኦን /ስዋፕ2»። «ፍሪ -ኤች» መጨመሩን ያሳያል። በሃርድ ዲስክ ላይ ሥራው ይጎተታል፣ ግን ያልቃል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ኮንትሮል ሲ ተጭኖ ሲቆም ሜክ በጅምር ያለውን ፋይል ራሱ ያጠፋል። መብራት ሲሄድ ግን ይህን የሚያደርግበት ጊዜ የለውም። ባዶ ወይም ግማሽ የሆነ ፋይል ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ ሰዓቱ አዲስ ስለሆነም ሜክ ያለቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ሊንከሩ ጋ ሲደረስ «ፋይል ፎርማት ኖት ሪኮግናይዝድ» ወይም «ፋይል ትራንኬትድ» ይላል፤ ዲፔንደንሲ ፋይል (የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት የሚመዘግበው) ከሆነ ደግሞ «ሚሲንግ ሴፓሬተር»።

ባዶዎቹን ብቻ ለመልቀም፦ «ፋይንድ . -ኔም '*.ኦ' -ሳይዝ 0 -ዲሊት»። ግማሽ የተጻፈውን ግን ይህ አይዘውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ግንባታውን ከኮዱ መለየት ይሻላል፤ በኮዱ ፎልደር ውስጥ «ቢልድ» የሚባል ፎልደር ተፈጥሮ፣ እዚያ ተገብቶ «../ኮንፊገር» ይሰጣል። የተበላሸ ሲኖር ቢልድን ማጥፋት ይበቃል፣ ኮዱ አይነካም። በዚህ ላይ ሲካሽ (ኮምፓይል የሆነውን የሚያከማች ፕሮግራም) ከተጫነና ለኮንፊገር «ሲኤክስኤክስ="ሲካሽ ጂ++"» (ሲኤክስኤክስ በካፒታል) ከተሰጠ፣ ኮምፓይል ሆነው ያለቁት ፋይሎች በድጋሚው ግንባታ ከማከማቻው በፍጥነት ይወጣሉ። ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ መብረቅና ዝናብ ሲበረታ፣ ያለ ሲካሽ ትልቅ ፕሮጀክት መጀመር አይመከርም።

መብራቱ የሄደው አፕት እየጫነ ሳለ ከሆነ ቀጣዩ አፕት እምቢ ይላል፤ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ሳያልቅ የቀረውን ይጨርሳል።

አሮጌ ኮድ፣ አዲስ ኮምፓይለር

«መልቲፕል ዴፊኒሽን ኦፍ» በድሮ የሲ ፕሮጀክት ላይ ከመጣ፣ ምክንያቱ በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 (ጂሲሲ ኮምፓይለሩ ነው) ነባሪ ልማዱን መቀየሩ ነው፤ «ሲፍላግስ="-ኦ2 -ኤፍኮመን"» (ሲፍላግስና ኦ በካፒታል) ይመልሰዋል። በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 ደግሞ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ የነበረውን ያልታወጀ ፋንክሽን ኤረር አድርጎታል። ኡቡንቱ 22.04 ጂሲሲ 11ን፣ 24.04 ደግሞ 13ን ስለሚይዙ ሁለተኛው ገና ላይገጥም ይችላል።

ተጭኖ አይነሳም

«ኤረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ» ካለ ላይብረሪው «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ውስጥ ገብቷል፣ ሲስተሙ ግን አልተነገረውም። «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» አንዴ ይሰጥ፤ በቃ።

ቴሰራክት ተነስቶ የቋንቋ ዳታ አላገኘሁም ካለ የአማርኛው ፋይል፣ «ኤኤምኤች.ትሬንድዳታ»፣ በ«/ዩኤስአር/ሎካል/ሼር/ቴስዳታ» ውስጥ መኖሩን ይዩ። አለ ግን አይከፈትም? መጠኑን ይመልከቱ፤ ከጊትሀብ የወረደው ፋይሉ ሳይሆን የድረ ገጹ ኤችቲኤምኤል ሊሆን ይችላል። «ፋስት» የሚባለው ዓይነት ትንሽ ስለሆነ ለዚህ ማሽን ይስማማል። ትእዛዙ ሲሰጥ መጨረሻ ላይ «-ኤል ኤኤምኤች» ካልተጨመረ ቴሰራክት ፊደሉን እንደ እንግሊዝኛ አንብቦ ዝባዝንኬ ያወጣል፤ ስካኑም በ300 ዲፒአይ ይሁን።

የቢልድ ፎልደሩን ወዲያው አያጥፉት። ፕሮግራሙን ማንሳት ሲፈለግ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» የሚሠራው ከዚያው ፎልደር ውስጥ ነው።