የጓሮ ዶሮዎችን ከጎርፍና ከተበከለ ውሃ ስንጠብቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነሐሴ ላይ በስልክ የሚደርሰኝ አቤቱታ ከዓመት ዓመት አንድ ነው፤ «ጎርፉ ሲገባ አንዲትም አልሞተችብኝም ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላ ግን አለቁብኝ» የሚል። በደሴና በኮምቦልቻ በየጓሮው ስዞር እንደታዘብኩት፣ ጎርፉ ካሰጠማቸው ዶሮዎች ይልቅ ጎርፉ ካለፈ በኋላ በግቢ ውስጥ ተኝቶ የቀረው ውሃ የገደላቸው ይበዛሉ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ዝናቡ እንዳባራ በሩን ከፍቶ ዶሮዎቹን መልቀቅ ነው። ይህን ሳላይ ያለፍኩት ክረምት የለም። ጎርፍ የሽንት ቤት ጉድጓድ አጥቦ፣ የጎረቤት ዶሮዎችን ኩስ ጠርጎ፣ የመንገድ ዘይትና የሞተ አይጥ ይዞ ይገባል፤ ዶሮዋም ንጹሕ ውሃ መጠጫዋ ላይ እያለ ጭቃው ውስጥ ትል ስትፈልግ ከዚያው ትጠጣለች። በኩስ ውስጥ ያለው የኮክሲዲዮሲስ (ደም የሚያስቀምጥ የአንጀት በሽታ) ተውሳክ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ በሽታ ለማስያዝ ይደርሳል፤ የዋጠችው ጫጩት ደም የቀላቀለ ኩስ መጣል የምትጀምረው ግን ከ4 እስከ 7 ቀን ቆይታ ነው። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ወጥቶ፣ ግቢው ደርቆ፣ ጎርፉም ተረስቷል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ጥፋቱን መኖው ላይ ይጥላል።

አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ዶሮ ድሮም ያገኘችውን ጠጥታ ነው የኖረችው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን የድሮዋ ያገር ዶሮ ከአራት ከአምስት ጓደኞቿ ጋር ሰፊ ሜዳ ላይ ትውል ነበር፤ ዛሬ በእሳቸው ጠባብ ግቢ ቦቫንስ የሚባሉ 30 የውጭ ዝርያ እንቁላል ጣዮች ይርመሰመሳሉ። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን የምትጠጣው ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ ለ10 ዶሮ 3 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከበቂ በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ውሃ የማይገኝበት ቤት ብዙ አይደለም። ግቢው እስኪደርቅ ድረስ ዶሮዎቹን በቤታቸው ማቆየት፣ ውሃ የሚያቁሩትን ጎድጓዳ ቦታዎች በጠጠር መሙላት፣ መጠጫውንም ኩስ እንዳይገባበት እስከ ዶሮዋ ጀርባ ከፍታ ድረስ ማንሳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ሁሉን ያጸዳል ብሎ ማመን ነው። የደፈረሰ ውሃ ላይ የተጨመረ ክሎሪን ኃይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳል፤ በቅድሚያ አጥልሎ በጨርቅ ማጥራት፣ ከዚያም በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀላቀልባቸው ጅረቶችና በቦርከና ወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ አርቢዎች ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀው እንዲይዙ እለምናለሁ፤ ኬሚካልንና ከባድ ብረታ ብረትን ክሎሪንም ሆነ ማፍላት አያስወግዳቸውም፤ ወደ እንቁላሉም ሊያልፉ ይችላሉ። ያንን ውሃ ለዶሮ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

በዚሁ በክሎሪን ጉዳይ እኔም አጥፍቻለሁ። በጀመርኩበት ሰሞን የክረምት ውሃ አሳስቦኝ የፈንግል ክትባቱን በክሎሪን በታከመ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁ። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ ክሎሪኑ ገደለው፤ እኔም ከተብኩ ብዬ ተዘናጋሁ፤ ፈንግል ሲመጣ ከ40 ዶሮ የተረፉኝ 6 ብቻ ነበሩ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ክትባት ሲኖር ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊትና ከ24 ሰዓት በኋላ ክሎሪን አይጨመርም፤ መበጥበጫውም ክሎሪን የሌለበት ንጹሕ ውሃ ሊሆን ይገባል።

የቤቱ አቀማመጥ እንደ አገሩ ይለያል። ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት የደሴ መንደሮች ጎርፉ ጭቃ ይዞ በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ከዶሮ ቤቱ በላይ ውሃውን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ሰኔ ሳይገባ መቆፈር አለበት። ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ሜዳማ ሰፈሮች ግን ውሃው ስለሚተኛ፣ የቤቱን ወለል በእንጨት ወይም በብሎኬት ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ማንሳት ይሻላል። ዶሮ በጨለማ አታይምና ሌሊት ውሃ ቢገባ ከቆጧ ወርዳ አታመልጥም።

እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ መጨመር ችግሩን መሸፈን ነው። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ተጣብቆ ከቀረ ሁሉም መውጣት አለበት። ውሃ የነካው መኖም እንዲሁ ነው፤ ከሻገተ በኋላ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ መርዙ አይለቀውም።

የሞተችውን ዶሮ ቦይ ውስጥ መጣል ለታችኛው ጎረቤት በሽታ መላክ ነው፤ ከዚያም በላይ በሬሳው ላይ የፈሉትን ትሎች የለቀሙ ዶሮዎች አንገታቸውን መሸከም አቅቷቸው ሲሞቱ አይቻለሁ። ከውሃ ጉድጓድ ርቆ፣ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ፣ ኖራ ነስንሶ መቅበር ይገባል።

በመጨረሻም ኩስ በቀጠነ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ መበጥበጥ ይቅር። ኮክሲዲዮሲስን የሚያክመው አምፕሮሊየምና መሰሎቹ እንጂ እሱ አይደለም፤ በከንቱ የሚያልፉት ሁለትና ሦስት ቀናትም ጫጩቶቹ የሚያልቁባቸው ናቸው። ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሄዱ ትኩስ ኩስ በንጹሕ ላስቲክ ይያዙ፤ ጎርፉ መቼ እንደገባና ዶሮዎቹ ከየት እንደጠጡም ሳይጠየቁ ይንገሩ።