ለጠባብ ኮርሳ ፓራፋንጎ ስናስገጥም፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ኮርሳ፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ውድድር ብስክሌት፣ ሲሠራ ክረምትን ማንም አላሰበለትም። ጎማውና ፍሬሙ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሐምሌ ላይ ረጅም ፓራፋንጎ (ከጎማ የሚረጨውን ውሃና ጭቃ የሚከለክለውን ሽፋን) በዘመድ ሻንጣ አስመጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት መግጠም ጀመርኩ። ማታ ላይ በእጄ የቀረው የተሰነጠቀ ፕላስቲክና የተጫረ ፍሬም ነበር። ዕቃው ምንም አልነበረበትም። ሳልለካ ነው የገባሁበት።

ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ጎማው በደንብ ይነፋ፤ የተነፋና ያልተነፋ ጎማ ቁመታቸው አንድ አይደለም። ከዚያ ሦስት ቦታ ተመልከቱ፦ ከፊት ፍሬን ሥር፣ ከኋላ ፍሬን ሥር፣ እና የኮርቻው ቱቦ ወደ ፔዳሉ ወርዶ ለኋላ ጎማ በጣም የሚቀርብበት ቦታ። መለኪያ ካጣችሁ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች ይበቃሉ። ባለ 4፣ ባለ 5፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን በየተራ ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ። የትኛው ያልፋል? የትኛው ይያዛል? ፓራፋንጎው ከነማያዣው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ከሥሩ ለጎማው ቢያንስ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት። ባለ 6ቱ ቁልፍ ካላለፈ ሙሉውን ፓራፋንጎ ከፍሬኑ ሥር ለማሳለፍ አትድከሙ። 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ጎማው ላይ የተጻፈውን የስፋት ቁጥር (በሚሊ ሜትር ነው) ደግሞ አትመኑት። 25 የሚል ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ 27 ሊሆን ይችላል።

ፓራፋንጎው ከፍሬኑ ሥር አልገባ ሲል

ትልቁ ራስ ምታት ይኸ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ የፍሬኑን ላስቲክ እዩት። ከላይ ቆንጥጦ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ፣ ላስቲኩ የታሰረበት ብሎን ረዘም ያለች ክፍተት ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ብሎኑ ክፍተቷ አናት ላይ ከታሰረ ቸርኬው ለፍሬኑ በጣም ቀርቧል፤ ፍሬሙ ጠባብ ነው ማለት ነው። ወደ ታች ወርዶ ከታሰረ የተሻለ ቦታ አለ። የብዙ ኮርሳ ፍሬኖች እጅ ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ነው የሚደርሰው። ከ47 እስከ 57 የሚደርሱም አሉ፤ ለእነሱ የተሠራ ፍሬም ፓራፋንጎ በቀላሉ ይቀበላል። ጠባቡ ፍሬም ላይ ግን ረጅሙን ፍሬን ገዝቶ ማሰር ክፍተት አይጨምርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ክፍተቱን የሚወስነው የፍሬሙ አሠራር ነው።

ቀላሉ መፍትሄ ጎማ መቀነስ ነው። ከ28 ወደ 25 ብትወርዱ ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ታተርፋላችሁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ከላይ ቦታ እያለ ጎኑ ይያዛል። ለ25 ጎማ የሚሸጠው ፓራፋንጎ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ሁለት እግሮች ከላይ ሲገናኙ ይህን ያህል ላይከፈቱ ይችላሉ። የሚነካካውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ጠርዙን በሁለቱም በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ቁረጡት። ከዚያ በሞረድ አለስልሱት። ሹል ማዕዘን አትተዉ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከማዕዘን ነው። የእኔ የመጀመሪያው የተሰነጠቀው እንደዚያ ነው።

ከላይም ከጎንም እምቢ ካለ ለሁለት መቁረጥ ነው። ከፍሬኑ ፊት አንድ፣ ከፍሬኑ ኋላ አንድ። ፍሬኑ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ እዚያ ጎማውን የሚሸፍነው ፍሬኑና ፍሬሙ ራሱ ነው። ትንሽ ውሃ ያመልጣል፣ ግን ልብስ አያበላሽም። ሁለቱን ቁራጮች ከፍሬኑ ብሎን ጋር በምትታሰር ቀጭን ቆርቆሮ ማያያዝ ይቻላል። ቆርቆሮዋ ከጎማው በላይ ሳይሆን ከፍሬኑ ፊትና ኋላ ትለፍ። ይህን ሁሉ ሥራ ለማይፈልግ፣ ከፍሬኑ በፊት የሚያቆሙ በላስቲክ የሚታሰሩ አጫጭር ፓራፋንጎዎች አሉ። ክረምቱ ሲወጣ በደቂቃ ይፈታሉ። እውነቱን ለመናገር ለአብዛኛው ሰው እነሱ ይበቃሉ።

ሽሽሽ የሚል ድምፅ

ገጠማችሁ፣ ወጣችሁ፣ ከዚያ ሽሽሽ። ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት አድምጡ፤ ድምፁ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

ሳያቋርጥ የሚሰማ ከሆነ ፓራፋንጎው ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ከኋላ ቆማችሁ ብታዩት ጎማው መሃል ላይ አይታይም። ፓራፋንጎውን ከጎንና ከጎን የሚይዙትን ቀጫጭን ዘንጎች ብሎን አላልታችሁ አንዱን ሳብ፣ ሌላውን ገፋ አድርጉ። ፓራፋንጎው ከጎማው ጋር እኩል ክብ ሠርቶ መዞር አለበት።

ሽ... ሽ... ሽ... እያለ በየዙሩ አንዴ ብቻ ከተሰማ ፓራፋንጎውን ተዉት። ቸርኬው ተጣሟል ወይም ጎማው አንድ ቦታ ላይ አብጧል። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ጎማውን አሽከርክሩና እዩ። ቸርኬውን መካኒክ ያቃናዋል። ያበጠ ጎማ ግን በፓራፋንጎ የሚሸፈን ነገር አይደለም፤ ሊፈነዳ ስለሚችል መቀየር አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ዳገት ላይ ብቻ ይጮኻል። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት አጥቶ የሚነዳ ስለሌለ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኮርቻ ተነስታችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ ቸርኬውም ፍሬሙም ትንሽ ወደ ጎን ይጎብጣሉ። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት የተዋችሁ እንደሆነ ያኔ ይነካካል። ማስፋት ካልተቻለ ያው ጎማ መቀነስ ነው፤ ወይም ድምፁን መልመድ።

አንዳንዴ ደግሞ ጠጠር ሰንቅሮ ነው። ውሃ ጨምራችሁ እጠቡት፣ ይለቃል።

ይንቀጫቀጫል

ብሎን ላልቷል። ከያንዳንዱ ብሎን ሥር ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠች ክብ ላስቲክ አስገቡ፤ ኮብልስቶን ላይም ዝም ይላል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አጥብቁት።

ፍሬሙ የብሎን ቀዳዳ የለውም

ኮርሳ ላይ የተለመደ ነው። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ከሆነ ቱቦውን የሚያቅፍ፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው ቆርቆሮ አስራችሁ ዘንጉን እሱ ላይ ማሰር ትችላላችሁ። ቀለሙ እንዳይፋቅ መጀመሪያ ቱቦው ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ። ጭቃ በላስቲክና በፍሬም መካከል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚልገው። ካርቦን ሹካ ላይ ግን ብረት ማቀፊያ በኃይል አታጥብቁ። ካርቦን ከጎን ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ላይታይ ይችላል። ለካርቦን የላስቲክ ማሰሪያ ይሁን።

የጫማችሁ ጫፍ ፓራፋንጎውን ይመታል

ቀስ ብላችሁ ስትታጠፉ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው። ትንሽ ፍሬም የሚነዱ ሰዎች ላይ ይብሳል፤ ፔዳሉና የፊት ጎማው ስለሚቀራረቡ። ፓራፋንጎው ደግሞ ርቀቱን የባሰ ያሳጥረዋል። ከፓራፋንጎው ጎን የሚወጣውን የዘንጎቹን ትርፍ ጫፍ በሰጌቶ ቁረጡና ጫፉን በላስቲክ ሸፍኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ልምድ ነው፦ ስትታጠፉ ፔዳል አትርገጡ።

ፊት ለፊት ያለው አደጋ

እስካሁን ያልነው ቢበዛ ያናድዳል። ይህኛው ጥርስ ያስወልቃል። እንጨት፣ ፌስታል ወይም ሽቦ በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሲገባ ጎማው ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ፓራፋንጎው ይታጠፋል፣ ይጨማደዳል፣ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። እናንተ ግን አትቆሙም፤ በእጀታው ላይ ተወርውራችሁ ነው አስፋልት የምትሳሙት።

ለዚህ ሲባል ጥሩ የፊት ፓራፋንጎዎች ዘንጋቸው ሹካው ላይ በሚላቀቅ ፕላስቲክ ነው የሚታሰረው። ነገር ሲይዘው ዘንጉ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ጎማው መዞሩን ይቀጥላል። ያቺን ፕላስቲክ «ትላላለች» ብላችሁ በብረት ብሎን አትተኩ። አንድ ጓደኛዬ በሽቦ ጠፍሮ አስሯት አገኘሁት፣ እዚያው ፈታሁበት። ራሳችሁ የሠራችሁት ከሆነም የፊቱን ዘንግ በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ። ማሰሪያዋ ብትበጠስ ይሻላል። የኋላው ያን ያህል አያሰጋም፣ የኋላ ጎማ ቢቆም ትንሸራተታላችሁ እንጂ አትገለበጡም።

ጀርባዬ ደረቀ፣ እግሬ ግን ራሰ

የፊቱ ፓራፋንጎ አጭር ነው። ጫማና ካቴናን የሚያርሰው የፊት ጎማው ከታች የሚረጨው ውሃ ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ከአሮጌ ጀሪካን መዳፍ የምታህል ቁራጭ አውጡና ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ በሁለት ብሎን እሰሩ። ወደ መሬት በወረደች ቁጥር ይሻላል፤ ብቻ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትወርዱ እንዳትመታ። የኋላው ላይም ብትጨምሩ ከኋላችሁ የሚነዳው ሰው ይመርቃችኋል።

ጎማው ጭራሽ አልዞር አለ

ይህ አስፋልት ላይ አይመጣም። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ገና ያልተነጠፈ መንገድ ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ይመጣል። ያ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ከሃምሳ ሜትር በኋላ ብስክሌቱን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ለዚህ መፍትሄ አታገኙለትም፤ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለውሃ እንጂ ለጭቃ አይሆንም። መንገዳችሁ ግማሹ አፈር ከሆነ በላስቲክ የሚታሰረውን ምረጡ። አፈሩ ጋ ስትደርሱ ፈታችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ አስፋልት ስትወጡ መልሱት። እኔ አሁን የማደርገው ይህንኑ ነው። ለእጅ መጥረጊያ ጨርቅ መያዝ አትርሱ።