ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር የሚደረግን ክርክር እንዴት እንምራ?

በሐዋሳ ለወጣቶች የክርክር መድረክ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግና ኃይል ስለተቀላቀለበት ወንጀል ለማከራከር ስታስቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጭብጡን አጥብቡት። «ሕጉ ይጥበቅ ወይስ ይላላ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ያስጮኻል እንጂ አያከራክርም፤ እያንዳንዱ በልቡ የሚያስበው ሌላ ሌላ ሕግ ነውና። ፈቃድ መስጠት፣ መመዝገብ፣ አንዳንዱን የመሣሪያ ዓይነት ማገድና ከሕዝብ እጅ መሰብሰብ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ አንዱን መርጣችሁ በጽሑፍ ለሁለቱም ወገን ስጡ። የአገራችንን ሕግ ከመረጣችሁ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ራሱን አንብባችሁ ቅረቡ፤ ከፌስቡክ የተቀዳ ማጠቃለያ አይበቃም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሚቆጠረው የትኛው ሞት እንደሆነ መለየት። እኔ ባወያየሁት አንድ መድረክ ላይ የቁጥጥሩ ደጋፊ የሆነች ጎበዝ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰዎች በጥይት መሞታቸውን ጠቅሳ «ይህን ሁሉ ሰው ወንጀለኞች ገደሉት» አለች። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ግን 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ሲሆኑ በሰው እጅ የተገደሉት 20,958 ናቸው። ተቃዋሚው ወገን ይህን ሲያነሣ ልጅቱ ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ አስቀድሜ ስላላስጠነቀቅኋት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ራሱን ለሚያጠፋ ሰውም ቢሆን መሣሪያ በቅርብ መገኘቱ ትልቅ ጉዳይ ነበርና፣ ለይታ ብታቀርበው ኖሮ ክርክሯን ያጠናክርላት ነበር።

ስለዚህ ተከራካሪዎቻችሁ የሰው ግድያን፣ ራስን ማጥፋትን፣ ዝርፊያንና ድብደባን በየረድፉ እንዲጽፉ አድርጉ። ያን ጊዜ አሜሪካ በድብደባና በስርቆት ከሌሎች ሀብታም አገሮች እምብዛም እንደማትርቅ፣ እጅግ የምትርቀው በግድያ እንደሆነ ይታያል። በእኔ እምነት የነገሩ እምብርት ይህ ነው፤ ጠብ በየትም ይነሣል፣ መጨረሻውን የሚወስነው ግን በብዛት በሰዓቱ እጅ ላይ የተገኘው ነገር ነው። ተቃዋሚው ወገን ስዊዘርላንድን ቢጠቅስ አትከልክሉት፤ በየቤቱ ብዙ ጠመንጃ ያለባት አገር ሆና ግድያ የሚያንስባት መሆኑ እውነት ነው። መሣሪያ ለመግዛት በአብዛኛው ፈቃድ የሚጠየቅባት መሆኗንም ግን አብሮ ይናገር።

ከለውጥ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ ከ12 ቀናት በኋላ በአዲስ ሕግ ተስማምታ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ ገዝታ አስወገደች። ከዚያ በኋላ በጥይት የሚሞተው ሰው ቀንሷል፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከሕጉ በፊትም እየወረደ ስለነበረ፣ ምን ያህሉ የሕጉ ውጤት ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ተከራካሪው የዓመቱን ብቻ ሳይሆን የቀደሙትን አሥር ዓመታት ቁጥር እንዲያመጣ ጠይቁት።

ለአድማጭም ቦታ ተዉ። በዚያው መድረክ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቼ፣ የእኔ ምንሽር ከብቴን ጠበቀ እንጂ ማንን ገደለ?» ብለው ጠየቁ። ከወጣቶቹ አንዱ «አባባ፣ ከእርስዎ በኋላ በማን እጅ ይገባል?» ሲላቸው ዝም ብለው አሰቡና «እሱን አልመከርኩበትም» አሉ። ጠመንጃ ከአባት የሚወረስበትን አገር እያወቅን፣ ባለመሣሪያውን ሁሉ እንደ ሽፍታ የሚቆጥር ንግግር መፍቀድ የለብንም። ዘመድ በጥይት የሞተበት ሰው በአዳራሹ ካለም አስቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩት፤ ሳይፈቅድ ሐዘኑ ማስረጃ አይሁን።

በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች እያንዳንዱ ወገን የተቃራኒውን ጠንካራ ነጥብ በራሱ አንደበት ይናገር፤ ባለነጥቡ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስም ይድገመው።