ጎረቤት ሳትቀሰቅሱ ማሽን ሄድን ማዳመጥ

ማሽን ሄድ የሚባለውን የሮክ አልበም መጀመሪያ ያዳመጥኩት ሳህን እያጠብኩ ነበር። ስልኬን ከብርጭቆ ጋር አስደግፌ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሳልደርስ ዘጋሁት። «ኡፍ፣ ጩኸት!» ብዬ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የስልክ ስፒከር ቤዝ ጊታርን፣ ያንን ድምፁ ወፍራም የሆነ ጊታር፣ አያሰማም። ይህ አልበም ያለ ቤዝ ደግሞ ሽንኩርት የሌለው ዶሮ ወጥ ነው። በርበሬው ብቻ ይፋጃል።

የምሠራው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። ፈረቃዬ የሌሊት ነው። እዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ሙዚቃ እከፍትላቸው ነበር። ሁሌ አንድ አልበም። «ምን ቢያገኙበት ነው?» ብዬ ነው ቤቴ የሞከርኩት። አልወደድኩትም አልኳቸው። አልተቀየሙኝም። ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝና «ጊታሩን ተይው። ኦርጋኑን ብቻ ተከተይ» አሉኝ።

እኔ የገባሁት በዚያ በር ነው። እናንተንም በዚያው ላስገባችሁ።

አልበሙ የዲፕ ፐርፕል ማሽን ሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1972 ወጣ። ባንዱ የእንግሊዝ ነው፤ ከሌድ ዘፕሊንና ከብላክ ሳባዝ ጋር ለሀርድ ሮክ መሠረት ከጣሉት አንዱ። ማሽን ሄድ ማለት የጊታር ክር የሚወጠርባት መቃኛ ናት። ክራር የያዘ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አምስት ሰዎች ናቸው፦ ሪቺ ብላክሞር ጊታር፣ ጆን ሎርድ ኦርጋን፣ ሮጀር ግሎቨር ቤዝ፣ ኢያን ፔይስ ድራም፣ ኢያን ጊላን ድምፃዊ። ስማቸውን አሁን መሸምደድ የለባችሁም። የኦርጋኑን ሰውዬ ብቻ ያዙልኝ።

ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ፈልጉ። ውድ መሆን የለበትም። ስፒከር ካላችሁ ደግሞ ቀን ቀን ተጠቀሙበት። እኔ አንድ ምሽት በስፒከር ከፍቼ ልቤ ጠፍቶ ሰዓቱን ረሳሁት። እዚህ አገር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። ከሥሬ ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን ደበደበው። የኔን ወለል ማለት ነው። መጀመሪያ የሙዚቃው ምት መስሎኝ ነበር።

ሸክላ ካላችሁ እሰየው። እኔ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በ8 ፍራንክ አግኝቻለሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ትንሽ ይንጫጫል። ሸክላ ከሌላችሁ ከኢንተርኔት ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። እትሙ ብዙ ነው። በ1997 ሮጀር ግሎቨር ራሱ እንደገና ያቀናበረው ድምፅ አለ። በ2024 ደግሞ ድዊዝል ዛፓ ያቀናበረው ወጥቷል። ዛፓ የሚለውን ስም ያዙት፣ እንመለስበታለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የድሮውን ምረጡ። ሰባት ዘፈን ብቻ ያለውን፣ ሃይዌይ ስታር ብሎ ጀምሮ ስፔስ ትራኪን ብሎ የሚያበቃውን። ጠቅላላው 37 ደቂቃ ነው። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪጠጣ ያልቃል።

አሁን ዋናው ነገር። አልበሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ ለመያዝ አትሞክሩ። በአንድ ዙር አንድ ሰው ብቻ ተከተሉ። ሠርግ ቤት ገብታችሁ ሁሉን ሰው በአንዴ ሰላም ለማለት ብትሞክሩ ማንንም አታገኙም። የመጀመሪያውን ዙር ለኦርጋኑ ስጡት። ሁለተኛውን ለቤዙ። ሦስተኛውን ለድራሙ። ጊታሩና ዘፋኙ ሳትጠሯቸው ይመጣሉ፣ ለነሱ ዙር አያስፈልጋቸውም።

ኦርጋን ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዋልያስ ባንድ የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ሰምታችሁ ያደጋችሁ አላችሁ። ያ ለስላሳ ነው፣ ይጠቀልላችኋል። ጆን ሎርድ ግን ሌላ ነገር አድርጓል። ሃሞንድ ኦርጋኑን የጊታር ሰዎች በሚጠቀሙበት ማርሻል አምፕሊፋየር አሳለፈው። ድምፁ ተቆጣ። ሻከረ። ስለዚህ ጊታር ነው ብላችሁ የምትሰሙት ነገር አንዳንዴ ኦርጋን ነው። ይሄ ሲገባችሁ ያ ሁሉ «ጩኸት» ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ሰዎች እየተመላለሱ ሲያወሩ መስማት ትጀምራላችሁ።

ሃይዌይ ስታር ስለ ፈጣን መኪና ነው። ግጥሙ ላይ አትድከሙ። አጀማመሩ ላይ ግን ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ መኪና ሞቆ እስኪነሳ እንደመጠበቅ ነው። ከዚያ የዘፋኙ የጊላን ድምፅ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። እናቴ በስልክ ሰምታው «ምን ነክቶት ነው ሰውዬው?» ብላኛለች። መጀመሪያ ብቻውን የሚጫወተው ኦርጋኑ ነው፣ ቆየት ብሎ ጊታሩ ይከተላል። ሁለቱም የድሮ የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ይሸታሉ። ጊታሪስቱ ብላክሞር ራሱ የባኽን፣ የድሮውን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ አካሄድ እንደተከተለ ተናግሯል። ዘፈኑ የተወለደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ዘፈን እንዴት ነው የምትሠሩት ብሎ ሲጠይቅ ብላክሞር ጊታር አንስቶ እዚያው ጀመረው።

ሜይቢ አይም ኤ ሊዮ ዝግ ያለ ነው። እዚህ ላይ እግራችሁን መሬት ምቱ። ጊታሩ ከእግራችሁ ጋር አይጀምርም። እግራችሁ ካረፈ በኋላ ነው ሾልኮ የሚገባው። መጀመሪያ ስሞክር እግሬን ነበር የተጠራጠርኩት።

ፒክቸርስ ኦፍ ሆም ላይ ቆም በሉ። ፔይስ ብቻውን በድራም ይከፍታል። ግጥሙ ተራራ መሀል ብቻውን የቀረ፣ ብርድ ላይ ሆኖ ቤቱን የሚያስብ ሰው ነው። በቃ ትዝታ ነው። ቅኝቱ ትዝታ አይደለም፣ ነገሩ ግን ነው። በጥር ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ባቡር ጣቢያ ቆሜ ስሰማው ጊታሩም ኦርጋኑም ጠፍተውብኝ ግጥሙን ብቻ ያዳመጥኩበት ቀን አለ። ቤዙ ብቻውን የሚወጣበት ቦታም እዚህ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ጠብቁት። መጨረሻው ላይ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ማዳመጫውን አታውልቁ።

ኔቨር ቢፎር ያልፋል። ባንዱ ከአልበሙ ቀድሞ ተወዳጅ ይሆናል ብሎ ለብቻው ያወጣው እሱን ነበር። ሰው ብዙም አልተከተለውም። ቡናው ከገነፈለ ተነስታችሁ መመለስ የምትችሉት በዚህ ዘፈን ነው። ግን አትዝለሉት፣ አራት ደቂቃ አይሞላም።

ሸክላውን ገልብጡ። አሁን ሁሉም የሚያውቀው መጣ።

ስሞክ ኦን ዘ ዎተር፣ ጭስ በውሃ ላይ ማለት ነው። ግጥሙ ውስጥ ሰምና ወርቅ አትፈልጉ። የሆነውን ነው የሚናገረው። ባንዱ አልበሙን ለመቅዳት ሞንትሮ መጣ። ከኔ ቤት በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሌማን ሐይቅ ዳር። ዕቅዳቸው ካዚኖው ለብርዱ ወራት ሲዘጋ አዳራሹ ውስጥ መቅዳት ነበር። መቅጃውን ሮሊንግ ስቶንስ ከሚባለው ሌላ የእንግሊዝ ባንድ ተከራይተዋል፤ ስቱዲዮ የተገጠመለት የጭነት መኪና ነው። ካዚኖው ሊዘጋ አንድ ኮንሰርት ቀርቶት ነበር፣ የአሜሪካዊው ሙዚቀኛ የፍራንክ ዛፓ፤ የዚያ የድዊዝል አባት። ዲሴምበር 4 ቀን 1971። ከታዳሚው አንዱ የእሳት ምልክት የሚተኩስ ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። ካዚኖው ነደደ። የሞተ ሰው አልነበረም። የሞንትሮን የጃዝ ፌስቲቫል የመሠረተው ክሎድ ኖብስ እየሮጠ ልጆቹን ከውስጥ ያወጣ ነበር፤ ዘፈኑ ውስጥ ስሙ አለ። የባንዱ ልጆች ከሆቴላቸው ሆነው ጭሱ ሐይቁ ላይ ሲተኛ አዩ። የቤዙ ሰው ግሎቨር ከቀናት በኋላ ከእንቅልፉ ሲነቃ የዘፈኑ ርዕስ አፉ ላይ ነበር።

በኛ አቆጣጠር ቀኑ ኅዳር 24 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ከታጠነ ገና 12 ቀኑ። ካወቅኩት ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አዳራሹ ተቃጠለ። ወደ ሌላ ቲያትር ቤት ሄዱ። በሌሊት መቅዳት ጀመሩ። ሰፈሩ መተኛት አልቻለም፣ ፖሊስ መጣ። የባንዱ ሠራተኞች በሩን ገፍተው ይዘው ፖሊሶቹ ሳይገቡ ሙዚቃው ተቀድቶ አለቀ። እዚያ የተቀዳው የዚሁ የስሞክ ኦን ዘ ዎተር ሙዚቃ ነው። መጥረጊያ ያነሳብኝን ጎረቤቴን ይቅር ያልኩት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው። የአገሩ ልማድ ነው፣ እኔን ለይቶ አይደለም።

ቀሪውን የቀዱት ግራንድ ሆቴል የሚባል፣ ለብርዱ ወራት ተዘግቶ ባዶ የነበረ ሆቴል ውስጥ ነው። ኮሪደር ላይ። ድምፁ እንዳያስተጋባ ፍራሽ ደረደሩ። መኪናው ውጭ ስለቆመ የቀዱትን ለመስማት በክፍሎችና በበረንዳዎች አቋርጦ መሄድ ነበረባቸው። ሰለቻቸው፣ መሄዱን ተዉት። ተጫወቱ፣ መኪናው ውስጥ ያለው የድምፅ ባለሙያ ማርቲን በርች ቀዳ፣ አለቀ። በአልበሙ ውስጥ የምትሰሙት ጥድፊያ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ማንም የሚያሰማምር ጊዜ አልነበረውም።

አሁን ወደ አጀማመሩ። ጊታሩ ደጋግሞ የሚመልሳት አጭር ዜማ ሪፍ ትባላለች። ይቺኛዋ አራት ኖታ ብቻ ናት። ዳን ዳን ዳን፣ ዳን ዳን ዳዳን። ሰው ሁሉ ጊታር ሲገዛ መጀመሪያ የሚሞክራት። ብላክሞር ሁለት ክር አንድ ላይ በጣቱ እየጎተተ ነው የሚጫወታት፣ በመምቻ አይደለም። ስለዚህ ጫፏ ንጹሕ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ክራሩን እንደገና ቃኝቶ ሞክሯት በቴሌግራም ልኮልኛል። ታስቃለች፣ ግን ትታወቃለች።

ዓይናችሁን ጨፍኑና ማን መቼ እንደሚገባ በጣት ቁጠሩ። መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን። ከዚያ ሃይ-ሃት፣ ያቺ ሁለት ሳህን የምትመስለው የድራሙ ክፍል፣ ጭስ ጭስ ጭስ እያለች። ከዚያ ሙሉ ድራሙ። ቤዙ መጨረሻ ነው። ሲገባ ወለሉ ወደ ታች የወረደ ይመስላችኋል። ኦርጋኑስ? ጊታሩ ላይ ተደርቦ ያቺኑ ዜማ ይጫወታል፣ በዚያ በተቆጣ ድምፁ። የቱ ጋ እንደተቀላቀለ ለመያዝ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ሽማግሌው ሳቁብኝ። እሳቸው ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ግን አልነገሩኝም።

ሌዚ ሰባት ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነው። ሲጀምር ጆን ሎርድ ብቻውን ነው፣ ሲያጉረመርም፣ ሲያሾፍ፣ ሲዘገይ። ዘፋኙ አፉን የሚከፍተው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ሃርሞኒካውንም የሚነፋው እሱው ነው። ኦርጋኑን ተከተሉ የተባለው ምክር የተሰጠው ለዚህ ዘፈን ይመስለኛል። አንድ ዘፈን ብቻ ልታዳምጡ ከሆነ ታዋቂውን ትታችሁ ይህን አዳምጡ።

ስፔስ ትራኪን ቀልድ ነው፤ ሕዋ ላይ እየዞሩ መጨፈር። ፔይስን ተከተሉ፣ ሌላው ይከተላችኋል።

አልበሙ ሲያልቅ ዌን ኤ ብላይንድ ማን ክራይስ የሚለውን ፈልጉ። በዚያው ቅጂ ወቅት የተሠራ ለስላሳ ዘፈን ነው። ከአልበሙ አስቀርተውት የኔቨር ቢፎር ሸክላ ጀርባ ላይ አወጡት። እኔን ቢጠይቁኝ ቦታ አለዋውጣቸው ነበር።

ከወደዳችሁት ደግሞ ሜድ ኢን ጃፓን አለ፣ በ1972 ኦሳካና ቶኪዮ መድረክ ላይ የተቀዳ። እዚያ ላይ ስፔስ ትራኪን ብቻውን 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እሱን ለዕረፍት ቀን አቆዩት። እኔም ዛሬ ፈረቃ አለኝ፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው።